ግራዋ ፍለጋ እስከ እጃጂ

ከአምቦ የተነሣሁት በሁለት ሺህ አራት ዓ.ም. የጥቅምት ወር፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ ነው። የጉዞው ምክንያት ሁለት ነበር፤ አንዱ ለሁሉ የሚነገር፣ ሌላው ባለቤቴ ለሊሴ በር ላይ ቆማ ያሸከመችኝ። የሚነገረው የትምህርት ነገር ነው። የሁለተኛ ዲግሪ የመመረቂያ ጥናቴን የምሠራው ሰዎች ለመድኃኒት በሚጠቀሙባቸው ቅጠሎች ላይ ስለሆነ ከጎጆ ከተማ ጦስኝ፣ ከእጃጂ ደግሞ ግራዋ ይዤ መመለስ ነበረብኝ። ለሊሴ ግን ስለ ጥናቴ አንድም ቃል አልተነፈሰችም።

«አባዬን ደህና አድርገህ እየው» አለችኝ። «በስልክ ደህና ነኝ ይላል። እኔ ግን ሆዴ አላመነም። ስኳሩን እንዴት እንደያዘው አይተህ ንገረኝ፤ ደግሞ ሳትሸፍን።»

አባቷ ኦቦ ቶለራ እጃጂ ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን ሳይንስ አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ በቤተ ክርስቲያናቸውም ሽማግሌ የሆኑ ሰው ናቸው። የስኳር በሽታ ካገኛቸው ሰንብቷል። እኔ አማቻቸው ነኝና ሄጄ መጠየቁ አይከብደኝም፤ የሚከብደኝ መናገሩ ነው። አማች በአማቶቹ ቤት አንገቱን ደፍቶ የቀረበለትን ይበላል እንጂ የቤቱን ጌታ አያርምም።

ስለ ሥራዬ ጥቂት ልበል። ዕፅዋት ራሳቸውን ከፀሐይና ከተባይ ለመጠበቅ የሚያዘጋጁዋቸው ፌኖል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። ቅጠሉን በጥላ አድርቄ እፈጨዋለሁ፣ በአልኮል እዘፈዝፈዋለሁ፣ አጠልለዋለሁ። ጭማቂው ላይ አንድ ኬሚካል ስጨምር ሰማያዊ ይሆናል፤ ሰማያዊነቱ በደመቀ ቁጥር ፌኖሉ ብዙ ነው። ሁለተኛው ሙከራ የፀረ ኦክሲዳንት አቅም፣ ማለትም ቅጠሉ አካልን የሚጎዱ ንጥረ ነገሮችን የማርከስ ጉልበቱ፣ መለኪያ ነው። ወይን ጠጅ የመሰለ ሐምራዊ ቀለም አለ፤ ቅጠሉ አቅም ካለው ያን ቀለም አደብዝዞ ቢጫ ያደርገዋል። ምን ያህል እንደደበዘዘ መሣሪያው አንብቦ በቁጥር ይነግረኛል። ሥራው ከሞላ ጎደል ይኸው ነው፤ ቀሪው ብርጭቆ ማጠብ ነው።

ጎጆ

ጊንጪ ላይ ወርጄ ወደ ጎጆ በሚወጣ አይሱዙ ተሳፈርኩ። መንገዱ የመንገድ ስም ብቻ ነው ያለው። ድንች ሊጭን የሚሄደው መኪና ባዶውን ስለነበር እያንዳንዱ ጉድጓድ ጥርሳችንን እያንቀጫቀጨ አሳለፈን። ገብሱ ገና አረንጓዴ ነበር፤ ብርዱ ደግሞ ጋቢ የሚያስደርብ።

ገበያው ውስጥ ጦስኝ በእቅፍ በእቅፍ አስራ የተቀመጠች አንዲት ሴት አገኘሁ። አራት እስር ስገዛ ተገረመች።

«ሻይ ቤት ልትከፍት ነው?»

«አይ፣ ልለካው ነው።»

«ምኑን? ክብደቱን?»

«ጉልበቱን።»

አንዱን እስር አንስታ አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። «እንካ፣ ለካ» ብላ ሳቀች፤ አጠገቧ ያሉትም አብረው ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ።

ጦስኙን ባደርኩበት ቤት በረንዳ፣ ጥላ ላይ አስጥቼ ተኛሁ። ጠዋት ስነሣ የለም። የቤቱ ባለቤት በማለዳው ፀሐይ ላይ፣ ቆርቆሮው አናት፣ በትኖልኛል። «ጥላ ላይ ረስተኸው ነው ብዬ» አለኝ፣ የዋለልኝ ውለታ ፊቱ ላይ እየበራ። ፀሐይ የመታው ቅጠል ለእኔ ሥራ አይሆንም፤ የምለካው ነገር ይጎዳብኛል። አመስግኜው ሰብስቤ ወሰድኩ፤ ከከተማው ስወጣም ሴትዮዋን ቤቷ ድረስ ጠይቄ አዲስ እስር ገዛሁ። የፀሐዩን ጦስኝ ለሻይ አደረግሁት።

ወደ እጃጂ

እሑድ እኩለ ቀን ላይ አምቦን ቤቴ ሳልገባ አልፌ የነቀምት አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። ጉደር ላይ ሽንኩርት የያዙ ሴቶች በመስኮት ተንጠለጠሉ። ከጉደር በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ጌዶ ይወጣል፤ በጤፉ ማሳ መሀል የኑጉ አበባ ቢጫ ሆኖ ተዘርግቶ፣ ሾፌሩ ቀስ ቢልም ሳልጠግበው ጌዶ ደረስን። ከጌዶ ወዲያ ቁልቁለቱ ሲጀምር ሹራቤን አወለቅሁ።

እጃጂ ስደርስ ኦቦ ቶለራ በራፋቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። «አካም ጅርታ ልጄ! ነጋዳ?» እያሉ ደህንነቴን ጠይቀው አገላብጠው ሳሙኝ። ከስተዋል። በቀኝ እግራቸው ወፍራም ካልሲ ላይ ነጠላ ጫማ አድርገዋል፤ ሲራመዱም ያንን እግር አጥብቀው አይረግጡበትም። «ጫማ ልጦኝ ነው» አሉ፣ እንዳየሁ አይተው።

እራት በልተን ጸሎት ከተደረገ በኋላ እሳቸው ወደ ውስጥ ሲገቡ የለሊሴ እናት ሳህን የሚያነሡ መስለው አጠገቤ ጎንበስ አሉ።

«ክኒኑን ትቷል» አሉኝ በሹክሹክታ። «ከመስቀል ወዲህ አንድም አልዋጠ። ኢቢቻ ነው የሚጠጣው፣ ግራዋውን፣ ጠዋትና ማታ። አንተን ነው የሚጠብቀው። አማቼ በመሣሪያ ለክቶ ይነግረኛል፣ ከዚያ ክኒኑን ለአንዴም ለሁሌም እጥለዋለሁ ይላል።»

«እግራቸውስ?»

«አሳይቶኝ አያውቅም። ሽታው ግን ይሰማኛል።»

ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም ብል አላጋነንኩም። ግራዋ ከዚህ ቀደም ከለካኋቸው ቅጠሎች ሁሉ ብልጫ ያሳየ ቅጠል ነው። ያን ቁጥር ብነግራቸው እውነት ነው። ያ እውነት ግን ሰውየውን ሊገድላቸው ነው። ፈራሁ፤ ቁጥር አፌ ላይ እንዲህ ከብዶኝ አያውቅም።

በረንዳው ላይ

ሰኞ ጠዋት ኦቦ ቶለራ ጠረጴዛውን ራሳቸው በረንዳ ላይ አውጥተው ጠበቁኝ። ሙከራውን በዓይኔ ማየት አለብኝ ብለው በስልክ ስለጨቀጨቁኝ ሐምራዊውን ቀለም በፎይል በተጠቀለለች ትንሽ ጠርሙስ፣ አልኮሉንም በሌላ ጠርሙስ ይዤ መጥቼ ነበር።

«አልኮል ቤቴ ሲገባ ዛሬ የመጀመሪያው ነው» አሉ እየሳቁ።

«አይጠጣም አባባ፤ መርዝ ነው።»

«ያኛውም መርዝ ነው።»

ግራዋውን ከጓሮ ቀጥፈው አመጡ። ቀጥቅጬ አልኮል ውስጥ ጨመርኩት፣ በጥጥ አጠለልኩት። ሐምራዊውን ቀለም በሙከራ ቱቦ ቀድቼ ከጭማቂው ጠብ ጠብ አደረግሁበት። ቀለሙ ገረጣ፣ ቡናማ መሰለ፣ ከጥቂት ቆይታ በኋላም ቢጫ ሆነ።

ኦቦ ቶለራ ብድግ አሉ። «ዋቀዮ ገለቶሚ! አምላኬ ተመስገን! አያችሁ? አየሽ አንቺ? እንዲህ ነው ደሜ የሚጠራው!» ቱቦዋን ከእጄ ወስደው ወደ ሰማይ አንሥተው አዩዋት። የለሊሴ እናት ግን ቱቦዋን አላዩም፤ የሚያዩት እኔን ነው።

«አባባ» አልኩ። «ይህ ቀለም እኮ ስኳር አይደለም።»

«ጠፍቷል አይደል?»

«ጠፍቷል። ግን ደምም አይደለም። ፋብሪካ ውስጥ የተሠራ ቀለም ነው።»

«እኔም አስተምሬያለሁ ልጄ። ዓይኔ ያየውን አትንጠቀኝ።»

በክርክር እንደማልረታቸው ገባኝ። የተማሩት ሙከራን ማመን ነው፤ ያስተማሩትም እሱን ነው። ዓይኔ በአጥሩ አሻግሮ ሲንከራተት የጎረቤታቸው የአዴ ጫልቱ ጓሮ ላይ አረፈ። አዴ ጫልቱ ጋያ የሚያጨሱ አሮጊት ናቸው፤ ጓሯቸው ደግሞ ጆሮው በሰፋ የትምባሆ ቅጠል ሞልቷል። በዚያ ትምባሆ ምክንያት ሁለቱ ቤቶች ከሰላምታ ያለፈ ነገር የላቸውም። ሄጄ አንድ ቅጠል ለመንኳቸው።

«ለማን?» አሉ አዴ ጫልቱ።

«ለኦቦ ቶለራ።»

«እግዚኦ! ያ ቤት ከእኔ ትምባሆ ለመነ?» ብለው እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው፤ በአንዱ ፈንታ ሦስት ቅጠል ሰጡኝ።

ይዤ ስመለስ ኦቦ ቶለራ ፊታቸው ተለዋወጠ። «ይህ ነገር ደጄን አይረግጥም» አሉ። አንገቴን ደፋሁ፤ እጄ ግን መቀጥቀጡን አላቆመም። ትምባሆውን እንደ ግራዋው አደረግሁት፤ አልኮል፣ ጥጥ፣ ጠብ ጠብ። በሁለተኛው ቱቦ ውስጥ ያለው ሐምራዊ ቀለምም ገረጣ፣ ቢጫም ሆነ። ሁለቱን ቱቦዎች ጎን ለጎን አቆምኳቸው። የትኛው የማን እንደሆነ እኔም በዓይኔ አልለየውም ነበር።



«ቀለሙን ያጠፋ ሁሉ ለስኳር መድኃኒት ከሆነ» አልኩ፣ «ከነገ ጀምሮ የአዴ ጫልቱን ጋያ መዋስ ሊኖርብን ነው፣ አባባ።»

የለሊሴ እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ይሳቁ ይደንግጡ አላወቅሁም። ኦቦ ቶለራ ሁለቱን ቱቦዎች በየተራ አንሥተው ወደ ብርሃን አዩዋቸው።

«ታዲያ ያንተ ሥራ ምን ይጠቅማል?» አሉ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው።

«ቅጠሉ ውስጥ ምን ያህል እንዳለ ይነግረናል። ሰው ሆድ ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚያደርግ አይነግረንም። ያ ሌላ ጥናት ነው፤ ረጅም ነው። እኔ አልሠራሁትም። ግራዋው ምናልባት ይጠቅም ይሆናል፣ አላውቅም። እግርዎ ግን አላውቅም የሚባል አይደለም።»

«የልጅ ባል ሆነህ» አሉ፣ «በገዛ በረንዳዬ ትምባሆን ከግራዋዬ እኩል አቆምክብኝ!» ተነሥተው ወደ ውስጥ ገቡና በሩን ዘጉት። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። ዕቃዬን ማጠብ ጀመርኩ።

ታጥቦ ሳያልቅ በሩ ተከፈተ። ኮት ለብሰዋል። አንድ እግራቸው በቆዳ ጫማ፣ አንዱ በዚያው ካልሲና ነጠላ ጫማ ነው።

«ጤና ጣቢያው እስከ ምሳ ነው የሚሠራው» አሉ ሳያዩኝ። «ትሄዳለህ አትሄድም?»

ጤና ጣቢያ

ነርሷ ወጣት ናት፤ የእሳቸው ተማሪ ነበረች። ጣታቸውን ወግታ ደሙን በመለኪያዋ አየች፤ ከዚያ እንደገና አየች።

«ቲቸር፣ ክኒኑን መቼ ነው የተዉት?»

«በመስቀል» አሉ። መዋሸት አያውቁም።

ካልሲውን ስታወልቅ እኔ ፊቴን አዞርኩ። እሷ አላዞረችም። እያጠበች፣ «ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ እግሩን…» ብላ ጀመረችና ተወችው። ኦቦ ቶለራ ጣራውን እያዩ ነበር፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ የሚጸልዩ ይመስለኛል። ቁስሉን ለማሳሰር በየቀኑ እንዲመጡ፣ ግራዋውንም ሐኪም ሳያዩ ከክኒኑ ጋር እንዳይቀላቅሉ አስጠነቀቀቻቸው። ውሃ በብርጭቆ፣ ክኒኑንም በመዳፏ አቀረበችላቸው። እሳቸው ክኒኑን አንሥተው ዓይን ዓይኔን እያዩ ዋጡት። በሕይወቴ ሰው እንዲያ ሲቆጣኝ አላየሁም።

ስሰናበታቸው አልሳሙኝም። ወደ መኪናው ስወጣ ግን አንድ የጨርቅ ከረጢት በመስኮት ወረወሩልኝ።

«ግራዋ ነው። በጥላ ነው ያደረቅሁት፣ በስልክ እንደነገርከኝ። ስትለካው ከዚያ ከተረገመ ቅጠል ጎን እንዳታስቀምጠው።»

መልስ

ጌዶ ዳገት ላይ ጉም ወርዶ መኪናው መብራቱን አበራ። ከረጢቱን ታቅፌ ሳስብ የነበረው ይህን ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ የእኔ ሥራ ቁጥሩ ሲገኝ የሚያልቅ ይመስለኝ ነበር። ቁጥሩ ግን ከቤተ ሙከራ ወጥቶ በሰው ቤት ሲገባ እንግዳ ነው፤ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደማይችል አብሮት የሚነግርለት ሰው ያስፈልገዋል። ብቻውን ከሄደ እያንዳንዱ ቤት የሚፈልገውን ነገር ያናግረዋል። ከእንግዲህ ትምባሆንም በጥናቴ ሠንጠረዥ ውስጥ፣ ከመድኃኒት ቅጠሎቹ ጋር፣ አስገብቼ ለመለካት ወሰንኩ፤ አማካሪዬ ምን ሊሠራ ገባ ቢለኝ የምመልሰው አለኝ።

አምቦ ስገባ መሽቷል። ለሊሴ ጦስኙንም ግራዋውንም አልጠየቀችኝም።

«አባዬስ?»

ምንም ሳልሸፍን ሁሉን ነገርኳት፤ እግራቸውን፣ ቱቦዎቹን፣ አዴ ጫልቱን፣ ሳይስሙኝ መለየታችንን።

«ከእንግዲህ የሚያናግሩኝ አይመስለኝም» አልኳት። «ክኒኑንም የዋጡት በንዴት ነው፣ እኔን ለማናደድ።»

እንባዋ ወረደ። በመዳፏ ጠረግ አደረገችው።

«በንዴትም ቢሆን ይዋጠው» አለች። «በየወሩ እየሄድክ አናደው።»