እናቴ የቋጠረችው ክብሪት

ዛሬ ቢቸና ቤተሰብ ልጠይቅ ብሄድ እናቴ ነጠላዋ ጫፍ ላይ አሁንም ክብሪት ቋጥራ አገኘኋት።

ነገሩ የደርግ ጊዜ ነው። ወታደሩ አባቴ ለእረፍት ሲመጣ እንደ ሊጥ የሚለሰልስ ፈንጂ ይዞ መጣ። ግንባር ላይ እሱን እያነደዱ ሻይ ያፈሉ ነበር። ፈንጂውን በሚቆርጥበት ሴንጢ ዳቦም ይቆርስበት ነበር።

አንድ ጠዋት እየተንቀጠቀጠ ወደቀ። ጎረቤት የሚጥል በሽታ ነው ብሎ እንደ ልማዳችን ክብሪት እየጫረ አሸተተው። ከዳቦው ጋር ፈንጂ ለበላ ሰው ክብሪት፤ እግዜር ነው የጠበቀን።

እናቴ ሞጣ ጠበል ወሰደችው። ሴንጢውም ፈንጂውም ቢቸና ቀሩ። ድኖ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲህ ወድቆ አያውቅም፤ እናቴ ግን ምናልባት ቢወድቅ ብላ ክብሪቷን ከነጠላዋ አልፈታችም።

ፋርማሲስት ነኝና ዛሬ አስረዳኋት። "እማዬ፣ የአንጎል ሕዋሳት ከልክ በላይ እንዳይቀሰቀሱ 'ተረጋጉ' የሚላቸው መልእክት አለ፤ ጋባ ይባላል። ያ ፈንጂ ጋባ የሚከፍተውን በር ይዘጋል። መርዙ ከሰውነት ሲወጣ በሩ ይከፈታል።"

"እሽ፣ እስኪወጣ ድረስ ሞጣ ማን ይዞት ከረመ?" አለች።

አባቴ ፀሐይ ከሚሞቅበት ሆኖ ሳቀ። እሷም ቋጠሮውን ጠበቅ አደረገችው።

እናንተስ ቤት፣ በሽታው ከሄደ በኋላ ያልተፈታ ምን ቋጠሮ አለ?