አባቴን አብራሪ ያደረግሁበት ቀን

አባቴ ደሞዜ ጎሚስታ ነበር። ይህችን አጭር ነገር ያለ መንተባተብ እስክናገር አርባ ዓመት ሊሞላኝ ምንም አልቀረኝም፤ አፈር በበላሁ!

በደርግ ጊዜ ደብረ ዘይት፣ አየር ኃይል ውስጥ የአውሮፕላን ጎማ ይቀይር ነበር። መንግሥት ሲለወጥ እናቴን ጌጤንና እኛን ሁለት ልጆቹን ይዞ ወደ አገሩ ደብረ ታቦር ገባ። መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ቆርቆሮ ቤት ተከራይቶ የመኪና ጎማ መለጠፍ ጀመረ። በዚያችው ሥራ አሳደገን፣ አስተማረን። ማታ ሲገባ እጁን በአመድ ፈትጎ ሳያጸዳ ጉንጫችንን አይነካም ነበር።

መብረር ግን ነፍሱ ነው። በዕድሜው የበረረው አራት ጊዜ ብቻ፣ ያውም ጎማ ሊቀይር በዕቃ ጫኝ አውሮፕላን ተሳፍሮ ነው። ወደ ባሕር ዳር የሚያልፍ አውሮፕላን ድምፅ ከሰማ የጎማውን ከመነዳሪ ውኃ ውስጥ እንደ ነከረው ትቶ ደጅ ይወጣል። «ሰማህ? ሊወርድ ነው፤ ጉልበቱን ቀንሷል» ይለኛል። ሾፌሮቹ «ኧረ ደሞዜ፣ ጎማችን!» እያሉ ሲጮሁ እሱ አንጋጦ ይስቃል።

እኔ አፍርበት ነበር። በእጁ አፍራለሁ፣ በቱታው አፍራለሁ። ተማሪ ሳለሁ «አባትህ ምን ነበር?» ሲሉኝ «አብራሪ» አልኩ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔው ግን እያደር ከበደ። ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ሆኜም ለባልደረቦቼ ያንኑ ደገምኩላቸው።

በ2010 ዓ.ም. አባቴ ሞተ። የሕይወት ታሪኩን አንተ ጻፍ፣ አንተ አንብብ ተባልኩ። ስጽፍ «ጎማ» የምትለዋ ቃል ላይ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ባልደረቦቼ በሁለት መኪና መጥተዋል እኮ! ከፍትሐቱ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቆሜ «አገሩን በአውሮፕላን አብራሪነት ያገለገለ» ብዬ አነበብኩ። ለመናገር ብድግ ብለው የነበሩ አንድ ረጅም ሽማግሌ መልሰው ተቀመጡ።

ከቀብር መልስ እኒያ ሰው ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ መጡ።

«ባንተአምላክ እባላለሁ» አሉኝ። «ከአባትህ ጋር አየር ኃይል ነበርኩ። አብራሪው እኔ ነኝ።»

ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። «ይቅር በሉኝ…»

«ቆይ አድምጠኝ። በሰማንያ ሦስት ግንቦት፣ ነገሩ ሁሉ ሲፈርስ፣ በአውሮፕላን ከአገር ልወጣ ስል አንድ ሰው የሚይዝ ቦታ ተረፈኝ። ‹ደሞዜ፣ ና ግባ! ማብረርም አስተምርሃለሁ› አልኩት። በሩን ይዞ አለቀሰ። ‹ጌጤስ? ልጆቼስ?› አለኝ። ጎማዎቹን አንድ በአንድ ዳስሶ ‹ደኅና ናቸው፣ ሂድ› ብሎ በሩን ራሱ ዘጋልኝ። ዛሬ ይህን ልናገርለት ነበር የመጣሁት። አንተ ካነበብክ ወዲያ ብናገር ሟቹን በሬሳው ላይ ውሸታም ማድረግ ሆነብኝና ዋጥኩት።»

አባቴ ይህን አንድም ቀን አልነገረንም። እናቴ ከኋላችን ሆና ሰምታ ኖሯል። «ይህን ሰው ነው ያፈርክበት?» አለችኝ።

«በአርባው እንኳ አንቱ ተናገሩልኝ» ብዬ ሽማግሌውን ለመንኳቸው። «ያጣመምከው አንተ፣ የምታቃናውም አንተ» ብለውኝ ሄዱ።

በአርባው ዘመድ ጎረቤቱ በልቶ ጠጥቶ እንደ ጨረሰ ተነሣሁ። «አባቴ አብራሪ አልነበረም። የአውሮፕላን ጎማ ነበር የሚቀይረው። የዋሸሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

የዕድራችን ዳኛ ጋሽ አለሙ በቁጣ ብድግ አሉ። «ነውር ነው! አፈሩ ሳይደርቅ አባትህን ታሳንሳለህ? ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ስንጠይቀው ‹እኔ ጎማ ቀያሪ ነበርኩ› እያለን ኖረ፤ ለካ ትሕትናው ኖሯል! እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል? አንተ ደግሞ ተምሬያለሁ ብለህ ታዋርደዋለህ!»

«እውነታቸውን ነው!» አለ ሕዝቡ።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በገዛ አፉ የነገራቸውን እውነት እኔ ነኝ ውሸት ያደረግሁበት። «ጋሽ አለሙ፣ ስሙኝማ…» ብዬ ደግሜ ጀመርኩ።

«ተቀመጥ!» አሉኝ። ተቀመጥኩ።