ወንድሜና የውሻው ገመድ

ዛሬም ጠዋት የወንድሜን የጫማ ክር ሳስር ጣቴን አመመኝ። እሱ ሽበት የወረረው ሰው ሆኗል፣ እኔም ጎንበስ ቀና ማለቱ ያቅተኝ ጀምሯል። እግሩን ዘርግቶልኝ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያል። አንዳንዴ «ምናለ አንዴ እንኳ ራስህ ብታስር!» ብዬ እበሳጭበታለሁ። ከዚያ ያ ገመድ ትዝ ይለኝና ዝም ብዬ አስራለሁ።

በደርግ ጊዜ ቤታችን ባሕር ዳር ሐይቁ አጠገብ ነበር። እኔ አሥራ ሁለት፣ እሱ ሰባት ዓመቱ። አይናገርም። ሰው ሲነካው ይጮኻል፤ እናቴ ልብስ ስታለብሰው ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። እንዲህ ያለው ነገር ስም እንዳለው ያኔ ማን ያውቃል? አንዱ ጅን ነው ይላል፣ አንዱ ቡዳ። የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ግን ቁርጡን ነግሯት ነበር፤ የሸሚዙን ቁልፍ ራሱ መፍታትና መቆለፍ ካልቻለ በመስከረም አይመዘገብም። እናቴ ያን ክረምት ሌላ ዱዓ አልነበራትም።

ወንድሜ የሚቀርበው ፍጡር ቢኖር የጎረቤታችን የሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ ውሻ ነበር። ቡኒ፣ ሰነፍ፣ ዓሣ ዓሣ የሚሸት። የኛ ደግሞ የሙስሊም ነጋዴ ቤት ነው፤ አባታችን በውሻ ነገር ቀልድ አያውቅም። ምራቁ የነካው ሁሉ ሰባቴ ይታጠባል፣ አንዱ በአፈር። አንድ ቀን ግን ወንድሜ የውሻው ሆድ ላይ ተንተርሶ ሲስቅ አየሁት። እናቴ እንኳ ያላየችውን ሳቅ።

ከዚያ ወዲያ ከሰዓት ከሰዓት ይዤው እሄድ ጀመር። ውሻው በመረብ ገመድ ግንድ ላይ ይታሰራል። ወንድሜ ሊፈታው ቋጠሮውን ይጎትታል፣ ይነክሳል፣ ይናደዳል። ሽማግሌው ላላ አድርገው ያስሩለትና «ተይው፣ አታግዥው። እጁ ራሱ ያገኘዋል» ይሉኛል። በፈታ ቁጥር ሦስት ጊዜ አጨበጭብለታለሁ፤ ውሻው ፊቱን ይልሰዋል። ከዚያ ሐይቁ ዳር ወስጄ እጁንና ፊቱን ሰባቴ አጥበዋለሁ፣ ልብሱንም እንዲሁ። ወላሂ እጄ እስኪላጥ። አባቴ አላወቀም። ክረምቱ ሊያልቅ ሲል ጠበቅ ያለውን ቋጠሮ ፈታ፤ በሳምንቱ የሸሚዙን ሁለት ቁልፎች ፈታ፣ አንዱን መልሶ ቆለፈ። እናቴ ያችን አንድ ቁልፍ እያየች አለቀሰች።

ጳጉሜ ላይ ቀበሌው በድምፅ ማጉያ ለፈፈ፤ በማግሥቱ ጠዋት ያልታሰረ ውሻ ሁሉ በተመረዘ ሥጋ ይገደላል። በነጋው ሽማግሌው ውሻቸውን አጥብቀው አስረው ታንኳቸውን ይዘው ወጡ። እኔን እናቴ ገበያ ላከችኝ። ወንድሜን ቤት ትቼ በሩን ሳልቀረቅር ሄድሁ። ይች የኔ ጥፋት ናት፤ እስከ ዛሬ ታበግነኛለች።

ስመለስ ውሻው መንገዱ ዳር ተዘርሯል፣ አፉ አረፋ ደፍቋል። ሥጋውን የሚጥለው የቀበሌ ጥበቃ ከፊት ካለው አጥር ደርሷል። ወንድሜ ገመዱን በሁለት እጁ ይዞ በራችን ላይ ቆሟል። ሲያየኝ ገመዱን ዘረጋልኝ። እንዳጨበጭብለት ነበር የሚጠብቀው።

በጥፊ መታሁት። «ማን ፍታ አለህ?» አልሁት። ማን እንዳለው እያወቅሁ።

አልጮኸም። ገመዱን እግሬ ሥር አስቀምጦ ገባ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቋጠሮም ቁልፍም አልነካም። መስከረም ላይ ዲሬክተሩ «እስቲ ቁልፍህን ፍታ» ቢለው እጆቹን ከኋላው ደበቀ። ትምህርቱም በዚያው ቀረ። ሽማግሌው አንዲት ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ ምነው በተቆጡኝ።

ባለፈው በቴሌቪዥን እንዲህ ያሉ ልጆችን በውሻ የሚያለማምዱ ባለሙያዎች አሳዩ። ልጁ የውሻውን ማሰሪያ ሲፈታ ሁሉም ያጨበጭባሉ። ተናድጄ አጠፋሁት። እኛ እኮ ጀምረነው ነበር!

ዛሬ ጠዋት ክሩን ላላ አድርጌ አሰርሁና ሦስት ጊዜ አጨበጨብሁ። በመስኮቱ እያየ እጆቹን ከኋላው ደበቀ።