በቃል የተያዘው ገጽ

ንባብ አስተምራለሁ ስል አንዲት ልጅ ከትምህርት ቤት አስወጥቻለሁ። ሌላ ሰው ነው ያስወጣት ብዬ ራሴን ለማታለል ብዙ ሞክሬያለሁ፤ አልሆነልኝም። እኔው ነኝ።

ከደብረ ብርሃን ተመድቤ፣ ከአንኮበር ዝቅ ብላ ቁልቁለቱ ላይ ባለች ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ይዤ ነበር። መጽሐፉ ላምስት ልጅ አንድ ነው። መስታወት በሌለው መስኮት ጉሙ ሲገባ ደግሞ ከኋላ ያሉት ሰሌዳውን አያዩትም። እንግዲህ በዚህ ሁኔታ ነው «ሁለት አናባቢዎች ጎን ለጎን ሲቆሙ ባንድ ድምፅ ይነበባሉ» እያልኩ የማስተምረው። የኛ ፊደል የታደለ ነው፤ አንዱ ሆሄ አንድ ድምፅ፣ አለቀ። የፈረንጁ ግን ኦ እና ኤይ ተጣምረው «ኦ» ይባላሉ፤ ጎት፣ ኮት፣ ሮድ፣ ቦት። ፍየሉንም ኮቱንም መንገዱንም ያውቁታል። ጀልባን ከየት አምጥቼ ላሳያቸው?

ሲጨንቀኝ ልጅ ሆኜ እኔ ራሴ ወደተማርኩበት ዞርኩ። እኔ ጮክ ብዬ እላለሁ፣ እነሱ ይቀበሉኛል። ጠዋት ከሰልፍ በኋላ፣ ከእረፍት በፊት፣ ወደ ቤት ሊሄዱ ሲሉ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ገጹን እንደ ውሃ ጠጡት፤ ጣታቸውም ከመስመሩ ንቅንቅ አይልም። ደስታዬን አትጠይቁኝ!

ከሁሉም ድምጿ ጎልቶ የሚሰማ አንዲት የቄስ ልጅ ነበረች፤ ቢበዛ ስምንት ዓመቷ ነው። አባቷ ዓመቱ አጋማሽ ላይ መጡና፣ «ፊደሉንማ እኔው ቤት አስቆጥሬያታለሁ፤ ዳዊትም ጀምራለች። እናንተ የምትጨምሩላት እንግሊዝኛውን ከሆነ እሱን ልየው። ካልሆነ እህቴ ደብረ ብርሃን ልጅ የሚይዝላት አጥታ ተቸግራለች፣ እልክላታለሁ» አሉኝ።

«አባ፣ እስከ ወላጆች ቀን ብቻ ይታገሡኝ። ስታነብ በጆሮዎ ይሰማሉ» አልኳቸው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ? እኔ ያፈሰስኩትን እንኳ አልለቀምኩም።

ልጅቱ ነገሩን ታውቀዋለች። እረፍት ላይ ስሬ እየተወሸቀች «ቲቸር፣ ካነበብኩ አባባ አይልከኝም አይደል?» ትለኛለች። «እኔ እያለሁልሽ!» እላለሁ። እኔ ማን ሆኜ ነው? እግዜር ይይልኝ ምላሴን።

የወላጆች ቀን ደረሰ። ወላጆች አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል፤ ርዕሰ መምህሩ ከፊት ተቀምጠዋል። ልጅቱን አስነሳኋት። መጽሐፉን ዘርግታ ገጹን ከላይ እስከ ታች አንበለበለችው። ጭብጨባው ክፍሉን አናጋው፤ እኔማ በኩራት ልፈነዳ ነበር።

አባቷ አላጨበጨቡም። ከመሬት አንዲት ጭራሮ አንስተው ወደ ልጃቸው መጡ። የቤተ ክህነት ሰው ልጅ ፊደል መለየቱን የሚያረጋግጠው ተራውን አፍርሶ ሲጠይቅ ነው፤ ሀሁን የጨረሱ ልጆች ተራው የተቀላቀለውን አቡጊዳ የሚቆጥሩትም ለዚሁ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ቀርቼ ነው? ከታች አንዱን ቃል በጭራሮው ነኩ። «ይሄስ፣ ልጄ?»

«ጎት።»

ወደ ላይ ወጥተው ሌላ ነኩ። «ሮድ» አለች። ተመልሰው ያንኑ የታችኛውን ቃል ነኩ። «ኮት» አለች።

እሳቸው አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል አያውቁም። «ቅድም ጎት አልሽው፣ አሁን ኮት» አሉ ቀስ ብለው። «ቃሉ ያው ነው እኮ፣ ልጄ።»

ወይ ነዶ! ያኔ ገባኝ። እሷ ብቻ አይደለችም፤ ከነዚያ ሁሉ ልጆች አንድም የሚያነብ የለም። የያዙት የእኔን ድምፅ ነው። ጣታቸው እንኳ የሚሄደው በድምፄ ልክ ነበር። «አባ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሁሉም እንደሷ ናቸው፤ እባክዎ ጊዜ ይስጡኝ» ማለት ነበረብኝ። ወላጆች ሁሉ ያዩኛል። ርዕሰ መምህሩ ያዩኛል። ታዲያ ይሄ አፌ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ቤት ሳታጠና ቀርታ ነው።» አፈር ይብላና!

ልጅቱ ቀና ብላ አየችኝ። አባቷ መጽሐፉን አጥፈው በሁለት እጃቸው መለሱልኝ፤ አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን የፕሮግራሙን ነገር ምንም አላስታውስም።

በሳምንቱ ጠዋት ቡድኗ የሚጠቀምበትን መጽሐፍ ልትመልስ መጣች፤ የምትይዘው እሷ ነበረች። አዲስ ሸራ ጫማ አድርጋለች። አባቷ ልብሷን በፌስታል ይዘው ግቢው በር ላይ ቆመዋል፤ ብጣራ ይሰሙኛል። መጽሐፉን ሰጠችኝና አልሄድ አለች።

«ቲቸር፣ እነሱም እኮ አያውቁትም» አለችኝ። «ለምን እኔ ብቻ?»

የምለው ጠፋኝ እንዳልል ጠፍቶኝ አይደለም። አባቷ እዚያው ናቸው፤ ለመጣራት አፌን ከፈትኩ። ርዕሰ መምህሩ ከቢሮ ብቅ አሉ።

«በይ ሂጂ፣ መኪናው እንዳያመልጣችሁ» አልኳት።