ማንም ያላረደው ሾርባ

ከናዝሬት ወጣ ብሎ፣ በሞጆ መንገድ ላይ የነበረውን የቆርቆሮ ሾርባ ፋብሪካ ሦስት ሰዎች መርተውታል። መሥራቹ ሙሴ ጃኒ የሚባል ጣሊያን ነበር። ፋብሪካው ሲወረስ ሻለቃ ሰብስቤ መጣ። ሦስተኛዋ መሰለች ናት፤ ቲማቲም አጣቢ ሆና ገብታ የፈረቃ ኃላፊ እስከመሆን የደረሰች።

ሙሴ ጃኒ የአገሩ ነገር ቶሎ ነበር የገባው። አንዱን በሬ ክርስቲያኑ አራጅ አብተው በሥላሴ ስም ያርዳል፤ ሌላውን ሙስሊሙ አራጅ ጂብሪል ቢስሚላሂ ብሎ። ሥጋው በየራሱ ጋን ይቀቀላል፤ በቆርቆሮው ክዳን ላይ ለአንዱ መስቀል፣ ለሌላው ጨረቃ ይታተማል። ሁሉም የራሱን አይቶ ያነሣል።

ሻለቃው ግን “አብዮት ሁለት ድስት አይጥድም!” አለ። ምልክቱ ቀረ፤ ሥጋው ተደባለቀ። ክፋት አልነበረውም። አንድነት ማለት ሰውን ሁሉ ባንድ ጋን መቀቀል የሚመስልበት ዘመን ነበር። ሰው ግን ጉሮሮው ላይ ሲደርስ በአዋጅ አይውጥም። ወደ አዋሽ የመንግሥት እርሻ የሄደው ጭነት ሳይከፈት ተመለሰ። ክርስቲያኑ “ጂብሪል አርዶት ቢሆንስ?” አለ፤ ሙስሊሙም “አብተው አርዶት ቢሆንስ?” አለ። ለሁሉ የተባለው ሾርባ ለማንም ሳይሆን ቀረ።

ሻለቃው ተዛወረ። ከበላይ የመጣው ትእዛዝ አጭር ነበር፤ አንድ ጭነት ዳግም ከተመለሰ ቦይለሩ ይነቀላል፣ ፋብሪካውም ይዘጋል። መሰለችን የሾሟት በዚያው ሳምንት ነው።

“ለተዝካሩ ነው የሾሟት” አለ የሰፈሩ ሰው።

“እንግዲያው ድግሱን ለኔ ተዉት” አለች ስትሰማ።

ምልክቱን ልመልስ ብትል ከፋፋይ መባሏ ነው። ስለዚህ ሁለቱን አራጆች ጠራቻቸው።

“ከነገ ጀምሮ ሥጋ የለም። ምስር፣ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ዘይት።”

“እትዬ፣ ሥጋ የሌለው ሾርባ?” አለ ጂብሪል። “ይሄማ የበሽተኛ ውሃ ነው!”

“እኛስ? ቢላዋችንን ምን እናድርገው?” አለ አብተው።

“ሽንኩርት ክተፉበት። እስከ ዛሬ በሬ አስለቀሳችሁ፤ አሁን ደግሞ ተራው የናንተ ነው።”

እየሳቁም እያጉረመረሙም ገቡበት።

ጭነቱን ይዛ አዋሽ የወረደችው ራሷ ናት፤ አራጆቹንም አስከትላ። የጥጥ ለቃሚዎቹ ለምሳ ተቀምጠዋል፤ ክርስቲያኖቹ ከግራር ጥላ ሥር፣ ሙስሊሞቹ ከመጋዘኑ ግድግዳ ሥር። “አካም ጂርቱ!” አለች፤ ከሁለቱም ወገን መልስ መጣ። የለቀማው አለቃ ሽማግሌው ራህመቶ ቆርቆሮውን አንሥተው አገላብጠው አዩት።

“ማን አረደው?”

“ማንም አላረደውም፣ አባባ።”

“ታዲያ በክት ልታበሉን ነው የመጣችሁት!”

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ፤ መሰለች ግን አልሳቀችም። ያን የፋብሪካ ሕዝብ ሁሉ ተሸክማ ነበር የመጣችው። ከጂብሪል ቢላዋ ተቀብላ ክዳኑን ቀደደችና መጀመሪያ ራሷ ተጎነጨች።

“ምስር ነው፣ አባባ። ጿሚውም ይበላዋል፤ እርስዎም ይበሉታል።”

ሽማግሌው ዳቦ አጠቀሱ። አላመጡ። ረጅም ጊዜ አላመጡ።

“በርበሬ ፈርታችኋል” አሉና ቆርቆሮውን ከግራሩ ሥር ለተቀመጠው ወሎዬ አቀበሉት።

ወሎዬው አማትቦ አጠቀሰ። ከዚያ ከወዲያም ከወዲህም ቆርቆሮ ሲቀደድ ተሰማ። አንዱ “ለማታስ ይተርፋል?” ብሎ ጮኸ። አብተው ዓይኑን እየጠረገ ፊቱን አዞረ፤ የዚያን ቀን ደግሞ የሚከተፍ ሽንኩርት አልነበረም።

ሲመለሱ ናዝሬት መግቢያ ላይ ሾፌሩ በአቋራጭ ወደ ፋብሪካው ሊታጠፍ ሲል መሰለች ከለከለችው።

“በገበያው በኩል ሂድ። ሸራውንም ግለጠው።”

“ባዶ መኪና ነው እኮ፣ እትዬ፤ ምን ሊያዩ?”

“ባዶነቱን!” አለች፤ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ክንዷን አስደገፈች፤ መኪናው በገበያተኛው መካከል እየተንገጫገጨ ሲያልፍም አንገቷን ቀና እንዳደረገች ነበር።