የአጎቴ ጋሪ መብራት

ጎረቤቴ ባጃጁ ላይ ቀይና አረንጓዴ አምፖል ሲቀጥል የተቃጠለ ሽቦ ሸተተኝ። ስፒከሩ በሬን ያንቀጠቅጠዋል። ይሄን ሽታ እጠላዋለሁ።

በደርግ ጊዜ፣ ነገሌ፣ አጎቴ ጀማል የፈረስ ጋሪው ላይ የመኪና ባትሪ ጭኖ መብራትና ቴፕ ገጠመበት። ፀሐይ ስትጠልቅ አበራው። አንድ ዘፈን ሳያልቅ እናቴ ከገበያ እየሮጠች መጣች።

"ዻምሲ! አጥፋው!" ብላ በኦሮምኛም በአማርኛም ጮኸችበት። "አጥፋውና አንተም ጥፋ! ከፊቴ ጥፋ!"

አጎቴ ፊቱ ጠቆረ። "ታላቄ ብትሆኚም እንደ ውሻ አታባርሪኝም። ንቅንቅ አልልም!" አለና የቴፑን ድምፅ ጨመረው። እኔም እናቴን ጠላኋት።

ለካ ገበያው ውስጥ ወታደሮች አፈሳ ጀምረው ኖሯል፤ ወጣቱን ለጦርነት እየለቀሙ ነው። የቀበሌው ጥበቃ አጥራችን ሥር ቆሞ ስለሚሰማ "ተደበቅ" ልትለው አልቻለችም።

ወታደሮቹ መብራቱን አይተው መጡ። አጎቴን ወሰዱት፤ በዚያው ቀረ። ቴፑ ግን ባትሪው እስኪደክም ዘፈነ። እናቴ አጠገቡ ቆማ አላጠፋችውም።

አሁን በሬን በርግጄ ወጣሁ። ባለባጃጁን "ጥፋ ከዚህ!" ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ጥርሴን ነክሼ ዋጥኩት።

"አጥፋው" ብቻ አልኩት።