አባቴ ያላየው ጨዋታ

ልጅ ሳለሁ ተረት ማለት የኳስ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። የጎረቤት ልጆች ስለ ጅብና ስለ ጦጣ ሲሰሙ፣ እኔ እሑድ ማታ ምድጃ ዳር ተቀምጬ አባቴ የእንግሊዞችን ኳስ ሲተርክልኝ አመሽ ነበር። አባቴ ጌጡ የፓርክ ጠባቂ ነበር። ፓርኩ ውስጥ ጨነቅ ካምፕ ከቱሪስቶች ጋር ሲዞር ሰንብቶ ለዕረፍት ወደ ደባርቅ ሲመለስ፣ እሑድ ከምሳ በኋላ ገላውን ይታጠብና ነጭ ሸሚዙን ለብሶ «ኳስ ላይ ነኝ» ብሎ ይወጣል። ሲመሽ ይመጣና ፍሙን ቆስቁሶ ይጀምራል።

ኳስ ወዳድነቱን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። በወጣትነቱ ለወረዳው ተጫውቷል፤ ጉልበቱ ተጎድቶ ነው የተወው። በሠርጉ ማግስት እንኳ ሙሽራዋን ትቶ ሜዳ ሄደ እየተባለ ይቀለድበት ነበር። የፈረንጆቹ ስም አይያዝልኝም ብሎ ለተጫዋቾቹ የአገር ቤት ስም ያወጣላቸዋል፤ በረኛው አዳነ፣ አጥቂው ሲሳይ። ያኔ ጭሱ ዓይኔን እያቃጠለኝ፣ በኩራዙ ብርሃን የአባቴ እጅ ጥላ ግድግዳው ላይ ወዲያና ወዲህ ሲሮጥ፣ ሲሳይን ያየሁት ያህል ነበር የማውቀው። እናቴ እንዝርቷን ታሾራለች፤ ኳስ አይገባትም።

አንድ እሑድ አባቴ እንደ ልማዱ ትረካውን አጋምሶ ሳለ እናቴ እንዝርቷን አቆመች።

«ጌጡ፣ መብራት እኮ ከጠዋት ጀምሮ የለም። ኳሱን በምን አየኸው?»

«በጄኔሬተር ነዋ» አለና ፍሙን ነካካ። መልሱ ትንሽ ዘግይቶ ነው የመጣው። እናቴም አስተውላዋለች፣ እኔም አስተውየዋለሁ።

በማግስቱ እናቴ ወንፊት ልዋስ ብላ እኔን አስከትላ እትዬ አለምነሽ ዘንድ ሄደች። ልጃቸው በከተማው ኳስ የሚያሳየው ቪዲዮ ቤት ባለቤት ነው። ስለ ጄኔሬተሩ ስትጠይቃቸው ሳቁ። «እሱማ ከተበላሸ ቆየ። ጌጡ እንደሁ እኛ ቤት ከረገጠ ዘመን አለው፤ ልጄ እንዲያውም ተቀይሞታል» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እሑድ ከዳባት ስመለስ በመኪናው መስኮት አይቸዋለሁ። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ብቻውን፣ በዳባት መንገድ ሲሄድ» ብለው ጨመሩ። ወንፊቱን ረስተነው ተመለስን።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ቤት አልሆነም። አባቴ ጨነቅ ነኝ ባለበት ሳምንት ሁሉ እናቴ መንገደኛ ባገኘች ቁጥር «ዳባት ማንን አየህ?» ትላለች። እኔም የአባቴን ትረካዎች እያስታወስሁ ስንጥቅ እፈልግ ጀመር። በረኛው እንዴት ሁልጊዜ አዳነ ይሆናል? ሲሳይ እንዴት አይታመምም? ከሁሉ የከፋብኝ ግን ሌላ ነው። ዳባት ውስጥ እንደኔ ያለች ልጅ አለችው፣ ትረካውን መጀመሪያ የምትሰማው እሷ ናት፣ ለኔ የሚደርሰኝ የተደገመው ነው ብዬ በቅናት ነደድሁ።

አባቴ ዳግመኛ ሲመጣ የነፍስ አባታችን ቄሱ ተጠርተው መደብ ላይ ተቀምጠው ጠበቁት። የእናቴ ልብስ በጥቅል ታስሮ በር ሥር ተቀምጧል።

«አባ፣ ይህ ሰው ዳባት ሌላ ቤት ሠርቷል» አለች። «እርስዎ ባሉበት ይመንልኝ። ከዚያ ልጄን ይዤ መካነ ብርሃን አባቴ ቤት እገባለሁ።»

ቄሱ አባቴን ትክ ብለው አዩት። «ጌጡ፣ የነገርኸኝን እኔ አላወጣውም። አንተ ካልተናገርህ ግን ትዳርህ መፍረሱ ነው።»

ይኸው፣ ቄሱም ያውቃሉ አልሁ በልቤ። ሰው ሁሉ ተማክሮ እኛን ብቻ የሸወደን መሰለኝ።

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «ልጅቱ ትውጣ።»

«አትወጣም» አለች እናቴ። «ያባቷን ሥራ ትስማ።»

አንገቱን ደፋ። «ይች ልጅ በሕፃንነቷ ታማ ጎንደር ሆስፒታል ተኝታ ሳለች፣ ሁላችንም ተስፋ ስንቆርጥ፣ ለማርያም ተሳልሁ። ልጄን ከተውሽልኝ ኳስ በዓይኔ አላይም አልሁ። ይኸው ዳነች። እኔም አላየሁም።»

«ዳባት መንገድ ላይስ ምን ትሠራለህ?»

«ደባርቅ የት ልቀመጥ? ጎል ሲገባ ጩኸቱ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ይመጣል፤ እግሬ ወደዚያው ይጎትተኛል። ጩኸቱ እስኪጠፋ እሄድና ባሕር ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ ማታ የምነግራትን ጨዋታ አስባለሁ።»

«ለኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ትነግሪያት ነበራ። አባቴ በእኔ ምክንያት የሚወደውን ተወ እያለች ተሳቅቃ እንድታድግ አልፈለግሁም።»

እናቴ ተነሥታ ጥቅሉን ፈታችው። እያለቀሰችም እየተቆጣችም ልብሱን አንድ በአንድ ወደ ሳጥኑ ትወረውር ጀመር። እኔ ግን ገና አልተዋጠልኝም።

«ሲሳይ የሚባል ሰው የለም?» አልሁት።

«የለም፣ ልጄ።»

ለሲሳይ አለቀስሁ። ቄሱ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

በሚቀጥለው የዕረፍቱ እሑድ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ «እኔም ኳስ ላይ ነኝ» አለችና አብረው በዳባት መንገድ ወጡ። ማታ አባቴ እያፈረ ጀመረ። ሲሳይ ሳተ ሲል እናቴ ከወዲያ ጮኸች፦ «ውሸቱን ነው! አገባ እንጂ! እኔም እኮ ነበርሁ!»

አባቴ እስኪሞት ድረስ ኳስ አላየም። የፈራውም አልቀረለትም፤ ዛሬ ሰው ተሰብስቦ ጎል ብሎ ሲጮህ እሳቀቃለሁ፣ ከዚያ መሐል ተነሥቼ እወጣለሁ። ያ ሰሞን ተጠራጣሪ አድርጎኝ ቀርቷል፤ የባለቤቴ ስልክ ደጋግሞ ከጠራ ጆሮዬ ይቆማል፣ ሻጭ «ትኩስ ነው» ካለኝ አላምነውም። አባቴ እንደሚወደኝ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ ተጠራጥሬ አላውቅም።